ቦሎ

ለዓመታዊው ቦሎ፣ ማርቆስ ተሰልፌ፣
የቡሬን በቆሎ፣ ከላይዋ አራግፌ፣
አጥቤ፣ አስነፍቼ፣ ዘይቷን ቀይሬላት፣
እንደ ሙሽራ በቅሎ፣ መስታወት ወልውዬ፣ ግንባሯን ጠርጌላት።

ፈታሿ መጣች፣ እስክሪብቶ በጆሮዋ፣
“ነዳጅ ስጣት” አለች፣ ቆማ ከጭስ ማውጫዋ።
ሰጠኋት። ጠቆረ። ግቢው ጨለመብኝ።
እኔም ከጋቢና፣ ሳሌ ተነሣብኝ፤
መሪ ተደግፌ፣ ዓይኔ ደም እስኪለብስ፣
እሷ ከታች በኩል፣ እኔ ከላይ ስናጨስ።

ሳቀች ያቺ ፈታሽ፣ ሳቋ ክፋት የለው፤
ማህተም መታችበት፣ “ወድቃለች” የሚለው።
“ኖዝሏን አስጠርገህ፣ ሳምንት ተመለስ፤
ያንተን ጭስ ማውጫ ግን፣ ማን ፈትሾት ያውቃል፣ እስከ ዛሬ ድረስ?”

እውነቷን ነው መቼም።
ለዚች ለብረቷ፣ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ዘይት አልነፍጋትም፣
ጎማዋን በእርግጫ፣ መታ ሳላደርገው፣ ደጅ አልወጣባትም።
ቀበቶዋ ሲጮህ፣ ከሩቅ እሰማለሁ፣
ከስንቱ ኳኳታ፣ የላላውን ቡሎን፣ በጆሮ አውቃለሁ፤
ሲጋራን በሲጋራ፣ እየለኮስሁ ስኖር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣
ደረቴ ሲያፏጭ ግን፣ “የጮቄ ብርድ ነው”፣ ነበር መልስ ቃሉ።

ረዳቴ አለኸኝ፣ የሉማሜው ልጅ፣
አንገቱን በመስኮት፣ አውጥቶ የሚጓዝ፣
አየር ወዶ አይደለም፣ ጭሴን ሽሽት እንጅ፣
“ጋሼ እንሂድ” አለኝ፣ “እሷ ወደ ጋራዥ፣ አንተም ሆስፒታል፤
እሷ ስትፈታ፣ አንተም ብትፈታ፣ ምን ይቀርብሃል?”

ሄድሁ። ምን ልዋሽህ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ዓባይ በረሃ ላይ፣ ፍሬን እምቢ ሲለኝ፣
በማርሽ ስወርድ፣ ያልፈራሁትን ሰው፣ አግዳሚ ወንበር አስፈራኝ።

ክንዴን ጠቀለሉት፣ ነፉት እንደ ጎማ፤
በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ግፊቴ ስንት እንደሆን፣ ያን ዕለት ጆሮዬ ሰማ።
ቀጥሎ ራጁ፤ “አየር ሳብ። ያዝ። ልቀቅ።”
ሦስቴ ሳል ቀደመኝ፣ ነጩ ግድግዳ ፊት፣ ቆሜ ስሳቀቅ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፊልሙን ለብርሃን፣ ከፍ አርጎ ያዘልኝ፣
የጎድኔን እርከን፣ የሳንባዬን ማሳ፣ በጣቱ መራልኝ።
“እዚህ ጋ ንጹሕ ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ጉም።
አልመሸም ጋሼ። ግን ዛሬ አቁም።
ደግሞ በየዓመቱ፣ ሳያምህ ና” ይላል፣
“ከታመሙ ወዲያ፣ መምጣትማ፣ ቃሬዛም ያውቃል።”

ይበልጣል ወንድሜ፣
“ጣልሁት፣ አለቀ” ብል፣ ውሸት ይሆናል፤
እጅ የለመደውን፣ ኪስ ባዶ ቢሆንም፣ ስንት ቀን ይፈልጋል!
በዘጠነኛው ቀን፣ ደጀን አፋፉ ላይ፣ አንድ ፍሬ ገዛሁ፣
አለኸኝ ዝም ብሎ፣ አንገቱን በመስኮት፣ ሲያወጣ አየሁ።
ሳልጨርሰው ጣልሁ።
ከአንድ ብዬ ጀመርሁ።

ገብስ ቆሎ ሞላሁት፣ የሸሚዜን ኪስ፣
እጄ እንደ ልማዱ፣ እሳት ሊፈልግ ገብቶ፣ እህል ይዞ እንዲመለስ።

ይኸው ሰባት ወሬ። ሳሉ ጨርሶ አልሄደም፤
ግን ማለዳ ማለዳ፣ ባትሪው እንደ ሞተ፣ ተገፍቼ አልነሣም።
ውዴነሽ ትስቃለች፣
“በሽታህ ነበረ፣ መምጣትህን ከደጅ፣ ሁልጊዜ የማውቀው፤
ትናንት ድንገት ገብተህ፣ ‘የማን ባል ነው?’ ብዬ፣ ልቤን ክው አረገው።”

መስታወቷ ጥግ ላይ፣ አዲሱ ቦሎዋ፣ ተለጥፏል በክብር፤
ከፀሐይ መከለያው፣ የሸጎጥኋት ካርድ፣ የኔ ናት፣ ቀጠሮ፣ እንደ ታናሽ ምስጢር።
ሁለቱም መስከረም።

አንተ ግን ባለፈው፣ ቡሬ መናኸሪያ፣ በር ተደግፈህ፣
ስትስል ሰማሁህ፤ “ብርድ ነው” አልኸኝ፣ ሳልጠይቅህ ቀድመህ።
ያንን ብርድ አውቃለሁ። ኖሬበታለሁ።
ማክሰኞ ማርቆስ ነኝ፤ ጋቢናው ሰፊ ነው፤ መጥቼ እወስድሃለሁ።
ፓኮህንም ያዘው፣ ከኪስህ አልነጥቅም።
ቆሎ ግን አለኝ፣
ለሁለት እጅ የሚበቃ።